ጂተር ከመለካታችሁ በፊት ክሎኩን ምረጡ

ሰኞ ጠዋት ኢሜይሌን ስከፍት አንድ ቁጥር ጠበቀኝ፤ 134። ቦርዳችንን ለማረጋገጫ ፈተና ወደ ውጭ ላብራቶሪ ልከነው ነበር። የዩኤስቢ 3 አስተላላፊ ነው፤ በሰከንድ 5 ጊጋቢት ይልካል። ለጠቅላላ ጂተር፣ ማለትም ሲግናሉ ከሰዓቱ ለሚቀድምበትና ለሚዘገይበት ስፋት፣ የተፈቀደው 132 ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ነው። እኛ ሳንታ ክላራ ባለው ላባችን ሦስት ቀን ሙሉ ለክተን ያገኘነው 128 ነበር። ቦርዱ ያው ነው። ኬብሉን እንኳ አብረን ልከናል። ታዲያ 6 ፒኮሰከንድ ከየት መጣ?

መልሱን እስክናገኝ አንድ ሳምንት ፈጀብን። ስህተቱ የኛው ነበር። በመለኪያው ሶፍትዌር አንዲት ሳጥን ውስጥ የተጻፈች አንዲት ቁጥር ናት ያሳተችን። ከዚያ ወዲህ አዲስ መሐንዲስ ወደ ቡድናችን ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው፦ ጂተር ብቻውን ቁጥር የለውም። ቁጥር የሚኖረው ከየትኛው ክሎክ፣ ማለትም ከየትኛው የጊዜ ምት፣ ጋር እንደተነጻጸረ ስትናገሩ ነው። አምስት ኪሎም ሆነ ሌላ ግቢ ኤሌክትሮኒክስ ለምትማሩ፣ እንደኔም ባሕር ማዶ ላብ ውስጥ ለምትውሉ፣ ጠረጴዛው አጠገብ አብረን እንደቆምን አድርጌ ልንገራችሁ።

ከበሮ የሌለው ዝማሬ

በፈጣን ሲሪያል መስመር ላይ ክሎክ ለብቻው አይላክም። የሚሄደው ዳታው ብቻ ነው። ተቀባዩ ክሎኩን ከዳታው ውስጥ ራሱ ያወጣዋል። ክሎክ ሪከቨሪ የምንለው ይህንን ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ወረብ ነው። ከበሮው በዝግታ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል። የሚያጨበጭበው ሕዝብም አብሮት ይፈጥናል። ለውጡ ቀስ ያለ ስለሆነ ጆሮ ይከተለዋል፣ እጅም አይስትም። አሁን ከበሮውን አንሱት፤ ዜማው ብቻ ይቅር። ጥሩ አጨብጫቢ ምቱን ከዜማው ያወጣዋል። ግን አንዱ ዘማሪ በአንዲት ቃል ላይ ድንገት ቢቸኩል ማንም አይከተለውም። እጁ በለመደው ምት ላይ ያርፋል፣ ያቺ ቃል ከጭብጨባው ትወጣለች። ተቀባዩ ቺፕ ውስጥ ያለው፣ ክሎኩን ከዳታው የሚያወጣው ፒኤልኤል የሚባል ሰርኪዩትም እንዲሁ ነው። ቀስ ያለውን መወዛወዝ ይከተለዋል፤ ስለዚህ አይጎዳውም። ፈጣኑን አይደርስበትም፤ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ጂተር ማለት ሲግናሉ የሚሻገርበት ቅጽበት ከሚጠበቅበት ጊዜ መቅደሙ ወይም መዘግየቱ ነው። «የሚጠበቅበት ጊዜ» የቱ እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ክሎኩ ነው። ስለዚህ መለኪያችሁ ተቀባዩ እንደሚያጨበጭበው ማጨብጨብ አለበት። ከተቀባዩ ያነሰ ከተከተለ፣ የማይጎዳውን ጂተር ቆጥራችሁ ደህናውን ቦርድ ትጥላላችሁ። ከተቀባዩ በላይ ከተከተለ የሚጎዳውን ትደብቃላችሁ። የኛ ጥፋት ሁለተኛው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ

በ5 ጊጋቢት አንድ ቢት የሚቆየው 200 ፒኮሰከንድ ብቻ ነው። ይህን ስፋት ዩአይ እንለዋለን። ብርሃን እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ6 ሴንቲሜትር አያልፍም። በእጅ የምትነኩት ነገር ሁሉ ቁጥሩ ላይ ይታያል።

ስኮፑን፣ ሲግናሉን በስክሪን የሚያሳየንን ኦሲሎስኮፕ፣ አብሩና ግማሽ ሰዓት ተዉት። እኔ ቡናዬን የማፈላው ያኔ ነው። ሙቀቱ ሲረጋ የራሱ ክሎክና አምፕሊፋየሮቹም ይረጋሉ። ካሊብሬሽኑን የምታስኬዱት ከዚያ በኋላ ነው። የስታቲክ ማስወገጃውን አንባር ሳታስሩ ኬብል አትንኩ። የእንዲህ ዓይነት ስኮፕ መግቢያ በአንዲት ብልጭታ ሊበላሽ ይችላል።

ዩኤስቢ 3 በሁለት ሽቦ ነው የሚልከው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ሁለቱ ኬብሎች እኩል ካልሆኑ መሻገሪያው ይደበዝዛል። የ1 ሚሊሜትር ልዩነት ወደ 5 ፒኮሰከንድ ነው። እኔ ጥንዶቹን በአንድ ቀለም ቴፕ አስሬ ነው የማስቀምጣቸው፤ አንዱን ብቻ የሚወስድ ሰው እንዳይኖር። ስኮፑ ውስጥ ያለውን፣ የሁለቱን ኬብሎች የጊዜ ልዩነት የሚያርመውን የዴስኪው ማስተካከያም በየጠዋቱ እሠራዋለሁ። ኮኔክተር በጣት አጥብቃችሁ አትተዉ። የኛ ቶርክ ቁልፍ 8 ኢንች ፓውንድ ላይ ቀጭ ይላል። ስታጠብቁ የሚዞረው ብሎኑ ብቻ ይሁን፤ ኬብሉ አብሮ ከዞረ ውስጡን ይፍቀዋል።

ባንድዊድዝ ላይ፣ ማለትም ስኮፑ እስከ ስንት ድግግሞሽ እንደሚያይ፣ ብዙ አልቆይም። የ5 ጊጋቢት ሲግናል በጣም የፈጠነው ምቱ 2.5 ጊጋሄርትዝ ነው። አምስተኛውን ሃርሞኒክ (የዚህን አምስት እጥፍ) ለማየት 12.5 ጊጋሄርትዝ ይፈልጋል። የኔ ስኮፕ 13 ነው፣ በሰከንድ 40 ቢሊዮን ናሙና ይወስዳል። ከዚህ በጣም የበለጠ ካላችሁ ዝቅ አድርጉት። ትርፉ ባንድዊድዝ የሚያስገባው ኖይዝ፣ ያልተፈለገ ረብሻ፣ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ዘሎት ወደሚያልፈው ነገር እንምጣ፤ የቮልት ስኬሉ። የቮልት ኖይዝ መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ወደ ጊዜ ስህተት ይቀየራል። ሲግናሉ በ60 ፒኮሰከንድ ውስጥ 400 ሚሊቮልት ይወጣል እንበል። በአንድ ፒኮሰከንድ 6.7 ሚሊቮልት መሆኑ ነው። የስኮፑ ኖይዝ 4 ሚሊቮልት ቢሆን፣ ከራሱ 0.6 ፒኮሰከንድ ጂተር ጨመረ ማለት ነው። ሲግናሉን አሳንሳችሁ በስክሪኑ ሩብ ላይ ተዋችሁት፣ ኖይዙም 12 ሚሊቮልት ደረሰ እንበል። ያኔ የሚጨምረው 1.8 ነው። የቦርዱ የራሱ ራንደም ጂተር (ያለ ሥርዓት የሚመጣው) 1.5 ቢሆን፣ ካሬያቸው ስለሚደመር፣ መጀመሪያ የምታነቡት 1.6 ነው፤ በሁለተኛው 2.3። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ራንደም ጂተር ወደ ጠቅላላው ሲገባ በ14 ይባዛል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናያለን። 10 ፒኮሰከንድ ከምንም መጣ! ደህና ቦርድ በዚህ ብቻ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሲግናሉ ሳይቆረጥ ስክሪኑን ይሙላ።

ምን ያህል ልያዝ?

ቦርዱን ኮምፕላያንስ ሞድ ውስጥ፣ የመፈተኛ ፓተርን ወደሚልክበት ሁኔታ፣ አስገቡት። መጀመሪያ የሚወጣው ፓተርን ሲፒ0 ነው፤ የተበወዘ ዳታ ነው፣ ጠቅላላ ጂተር የሚለካው በሱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሲፒ1 አንድና ዜሮ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት ነው። እዚያ ውስጥ ሁሉም ቢት ከፊቱ ያለው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። ያለፈው ቢት የሚተወው ቅሪት አንዱን መሻገሪያ ከሌላው አይለየውም። ስለዚህ ራንደም ጂተርን በሲፒ1 ለኩ።

1 ሚሊዮን ዩአይ የሚሆን ቅጂ ያዙ። 200 ማይክሮሰከንድ ነው፤ በኔ ስኮፕ 8 ሚሊዮን ናሙና። ይህን ያህል የምንይዘው ዩኤስቢ 3 ክሎኩን ሆን ብሎ ስለሚያወዛውዝ ነው። ጨረሩ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ተከማችቶ ሌላ መሣሪያ እንዳይረብሽ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ስፕሬድ ስፔክትረም ይባላል። ፍጥነቱ እስከ 0.5 በመቶ ዝቅ ይልና ይመለሳል፤ ይህም በሰከንድ ከ30 እስከ 33 ሺህ ጊዜ። አንዱ ዙር 32 ማይክሮሰከንድ ያህል ስለሆነ 200 ውስጥ ስድስት ዙር ታገኛላችሁ። ከአንድ ዙር ያነሰ ከያዛችሁ ግን፣ ውጤቱ በያዛችሁት የዙሩ ክፍል ይወሰናል። በለካችሁ ቁጥር ይዋዥቃል፣ እናንተም ቦርዱን ትጠረጥራላችሁ።

ሦስት ክሎክ፣ አንድ ሲግናል

እዚህ ጋ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አንዱን ቅጂ፣ ምንም ሳንነካው፣ በሦስት ክሎክ እንለካዋለን።

መጀመሪያ በቋሚ ክሎክ። ሶፍትዌሩ የቅጂውን አማካይ ፍጥነት ያወጣና በሱ ይለካል። ስፕሬድ ስፔክትረሙ ከአማካዩ 0.25 በመቶ ወደ ላይ፣ 0.25 በመቶ ወደ ታች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይመላለሳል። በግማሽ ዙር የሚጠራቀመው የጊዜ ልዩነት የዚያ ሦስት ማዕዘን ስፋት ነው። 16 ማይክሮሰከንድ ሲባዛ በ0.0025፣ ሲካፈል ለ2። 20 ናኖሰከንድ ይመጣል። መቶ ቢት ማለት ነው! ስክሪኑ ላይ ዓይን የሚባል ነገር፣ ቢቶቹ ሲደራረቡ መሃል የሚቀረው ክፍት ቦታ፣ የለም፤ ዳር እስከ ዳር ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ባለፈው ክረምት ለልምምድ የመጣ የሐዋሳ ልጅ ይህን አይቶ «ጋሼ፣ ቦርዱን አቃጠልኩት እንዴ?» አለኝ። «አላቃጠልክም፤ ክሎኩን ቀይር» አልኩት።

ሁለተኛ፣ አንደኛ ደረጃ ፒኤልኤል። ፋይበር ቻናል ከሚባለው የዳታ መስመር ደረጃ የመጣውና ጎልደን ፒኤልኤል የሚባለው ይህ ነው። ኮርነሩ፣ መከተሉ መድከም የሚጀምርበት ድግግሞሽ፣ የቢቱ ፍጥነት ሲካፈል ለ1667 ነው፤ ለ5 ጊጋቢት 3 ሜጋሄርትዝ ይሆናል። ይህ ፒኤልኤል ፍጥነቱ ከአማካዩ ሲርቅ ይከተላል፤ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። የሚቀረውን ለማስላት 0.0025ን ለ2 ፓይ ሲባዛ በ3 ሚሊዮን አካፍሉት። 133 ፒኮሰከንድ ነው። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በኩል ስለሆነ ጫፍ ከጫፍ 265 ይሆናል። ቢቱ ራሱ 200 ነው። ዓይኑ እንደተዘጋ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ፒኤልኤል፤ ኮርነሩ 4.9 ሜጋሄርትዝ፣ ዳምፒንጉ (ሳይወዛወዝ የመርጋቱ መጠን) 0.707። የዩኤስቢ 3 ደረጃ የሚጠይቀው ይህን ነው። ይህኛው የፍጥነቱን ልዩነት ጭምር ስለሚይዝ ወደ ኋላ አይቀርም። ከስፕሬድ ስፔክትረሙ የሚተርፈው በአንድ በኩል 0.3 ፒኮሰከንድ ገደማ ነው። ዓይኑ ወለል ብሎ ይከፈታል።

20,000፣ 265፣ ከ1 በታች። ሲግናሉ ያው ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ፒኤልኤልም እንደማንኛውም ፒኤልኤል ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። የቅጂው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማይክሮሰከንዶች ላይ ገና እየፈለገ ነው። እነሱን ከስሌቱ አውጧቸው።

ያቺ ሳጥን

አሁን ወደ 134 ልመለስ። አንድ ፒኤልኤል ሁለት ባንድዊድዝ አለው። አንደኛው «ጂተሩን እስከ ስንት ሜጋሄርትዝ ይከተላል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሳይከተለው ቀርቶ ስክሪን ላይ የሚታየው ጂተር ከስንት ይጀምራል?» የሚለው ነው። በአንደኛ ደረጃ ፒኤልኤል ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ሰው ልዩነቱን ሳያውቅ ዓመታት ሊሠራ ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ ግን ይለያያሉ። ዳምፒንጉ 0.707 ሲሆን፣ ሁለተኛው 4.9 ከሆነ የመጀመሪያው 10.1 ነው። ስሙም ያደናግራል። ጄቲኤፍ (የጂተር ማስተላለፊያ ፈንክሽን) የሚለውን አንዱ ሰነድ ለዚህኛው፣ ሌላው ለዚያኛው ይጠቀምበታል። አንዳንዱ ሶፍትዌር ሁለተኛውን ለመለየት ኦጄቲኤፍ ይለዋል።

እኛ 4.9 በሚጠብቀው ሳጥን ውስጥ 10.1 ጻፍን። ፒኤልኤላችን መከተል የሌለበትን ሁሉ ተከተለልን። ቦርዱ ላይ 2.2 ሜጋሄርትዝ የሚመላለስ 40 ፒኮሰከንድ ጂተር ነበር። በ4.9 ብንለካው ኖሮ 8 ፒኮሰከንድ ያህሉ ይታየን ነበር። በኛ አሞላል የታየን 2 ብቻ ነው። ስድስቱን የደበቅነው እኛው ነን። የውጭው ላብ ትክክል ነበር።

አሁን ሳጥን ውስጥ በተጻፈ ቁጥር ብቻ አላምንም። ሲግናል ጄነሬተር አለን፤ ሆን ብለን 4.9 ሜጋሄርትዝ ላይ 20 ፒኮሰከንድ የሳይን ጂተር እንጨምርበታለን። አሞላሉ ትክክል ከሆነ ስኮፑ ማንበብ ያለበት 14 ነው። 20 ሲባዛ በ0.707 ማለት ነው። 14 ካልመጣ ምንም ነገር አንለካም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ራንደሙን የሚያባዛው 14 ከየት መጣ?

ሶፍትዌሩ ጂተሩን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። ራንደም ጂተር ከሙቀት ኖይዝና ከመሳሰሉት ይመጣል። ወሰን የለውም፤ ብዙ በጠበቃችሁ ቁጥር የበለጠ የራቀ ታያላችሁ። ዲተርሚኒስቲክ ጂተር ምክንያት አለው፣ ወሰንም አለው። ያለፈው ቢት ቅሪት፣ የፓወር ሰፕላይ ምት፣ የጎረቤት መስመር ሁሉ እዚህ ይገባሉ።

ከአንድ ትሪሊዮን ቢት አንድ ስህተት ብቻ እንዲኖር ከተፈለገ፣ ራንደሙን በ14 አባዝታችሁ ከዲተርሚኒስቲኩ ጋር ትደምሩታላችሁ። የዩኤስቢ 3 ወሰንም የተሠራው እንዲሁ ነው፤ 3.27 ሲባዛ በ14 ወደ 46 ይመጣል፣ 86 ሲደመርበት 132። በ14 ስለሚባዛ ራንደም ውስጥ በስህተት የገባ ነገር ሁሉ ውድ ነው። የጎረቤት መስመር ጣልቃ ገብነት ብዙ ጊዜ ራንደም መስሎ ይቆጠራል። ራንደም ጂተራችሁ ከጠበቃችሁት በላይ ከሆነ ጎረቤት መስመሮቹን አጥፉና እንደገና ለኩ። ከወረደ ቺፑን አትክሰሱ።

ቁጥሩ ከግምት ስለሚመጣ ቢያንስ አንዴ በቢት ስህተት መለኪያ አረጋግጡት። አንድም ስህተት ሳይኖር 3 ትሪሊዮን ቢት ካለፈ፣ ስህተቱ ከአንድ ትሪሊዮን አንድ በታች ለመሆኑ 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን ትችላላችሁ። በ5 ጊጋቢት ልክ 10 ደቂቃ ነው።

2.2 ሜጋሄርትዙን ፍለጋ

ለማለፍና ለመውደቅ ደረጃው ያዘዘውን ክሎክ ትጠቀማላችሁ። ምክንያት ለመፈለግ ግን ያ ክሎክ ጠላት ነው፤ የምትፈልጉትን ነገር ራሱ ይውጠዋል። ስለዚህ ስፕሬድ ስፔክትረሙን አጠፋን፣ ክሎኩን ቋሚ አደረግን፣ የጂተሩን ስፔክትረም ከፈትን። 2.2 ሜጋሄርትዝ ላይ አንድ መስመር እንደ ሚስማር ቆሞ ነበር። ከጎኑ ምንም የለም።

ቦርዱ ላይ በዚያ ድግግሞሽ የሚሠራ አንድ ስዊቺንግ ሬጉሌተር፣ ቮልት የሚያስተካክል ዕቃ፣ አለ። ግን መገጣጠም ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ሬጉሌተሩን ወደ 2.0 ሜጋሄርትዝ ወሰድነው፤ ሚስማሩም ወደ 2.0 ሄደ። ያኔ ነው ያመንነው። ከዚያ የቦርዱን ሥዕል ይዘን በማጉያ መነጽር ተከታተልን። ወደ አስተላላፊው ፒኤልኤል በሚገባው የፓወር መስመር ላይ ፈጣን ኖይዝን የሚያግድ ፌራይት ቢድ መኖር ነበረበት። በቦታው የተበየደው ምንም የማያግድ ዜሮ ኦም ሬዚስተር ነበር። ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ጥቁር ክፋይ ናት፤ ሁለቱም በዓይን አንድ ይመስላሉ። ሜትር ደግሞ አይለያቸውም፤ ለዲሲ ሁለቱም ዜሮ ናቸው ማለት ይቻላል። ያወቅነው ከዕቃ ዝርዝሩ ጋር አስተያይተን ነው።

ቢዱን በቦታው በይደን እንደገና ስንለካ ሚስማሩ ከ40 ወደ 5 ፒኮሰከንድ ወረደ። ክሎኩን ወደ ሁለተኛ ደረጃ መለስነው፣ 4.9 ጻፍን፣ በ20 ፒኮሰከንዱ ፈተንነው፣ 14 አነበበ። ከዚያ ለካን፤ 127።

ቦርዱን መልሰን ላክነው። በዚህ ጊዜ ከቁጥሩ ጎን ሙሉውን ጻፍንበት፦ ሲፒ0፣ 1 ሚሊዮን ዩአይ፣ ስፕሬድ ስፔክትረም በርቷል፣ ሁለተኛ ደረጃ ፒኤልኤል፣ የሚታየው ጂተር ኮርነር 4.9 ሜጋሄርትዝ፣ ዳምፒንግ 0.707፣ የስኮፕ ባንድዊድዝ 13 ጊጋሄርትዝ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። እነሱ ያገኙት 128 ነበር።